ስለ ነፍሰ ጡር ክኒን፣ ስለ ጨውና ስለ ሕፃን አእምሮ

ፊደል ሲያስቆጥሩት ቶሎ የማይዝ ልጅ ሰነፍ ይባላል። የመዘግየቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ረኃብም በሽታም ይሆናል። ነገር ግን አንዳንዱ ልጁ ገና ሳይወለድ በእናቱ ማኅፀን የደረሰበት ጉድለት ነውና፣ መምህሩ ከመቈጣቱ በፊት ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ከነዚህ ጉድለቶች ዋነኛው የአዮዲን ማነስ ነው። በአንገት ያለው ዕጢ በአዮዲን ዕድገትን የሚመራ ቅመም ይሠራል። ፅንሱም እስከ እርግዝናው እኩሌታ ድረስ ከዚህ ቅመም አብዛኛውን የሚያገኘው ከእናቱ ነው፤ አንጎሉም የሚሠራው በዚያው ወራት ነው። አዮዲን ባነሰ ጊዜ በእናቲቱ አንገት ላይ እንቅርት ይወጣል፤ በልጁ ላይ የሚደርሰው ግን ወዲያው አይታይም። እጅግ የጸናበት ልጅ መስማትና መናገር ተስኖት፣ አእምሮውም ጎድሎ ይወለዳል። ጥቂት የነካው ግን ፍጹም ጤነኛ መስሎ ያድግና ከትምህርት ቤት ሲገባ ይዘገያል። እንቅርትን የመልክ ነውር ብቻ አድርጎ መቍጠር ስለዚህ ትልቅ ስሕተት ነው።

ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች፤ ከዳሎል ሜዳ የተፈለጠው አሞሌ በርስዋ በኩል ወደ መሐል አገር ይሄድ ነበር። ታዲያ ጨው በማይታጣበት አገር እንቅርት ስለ ምን ይወጣል ቢሉ፣ አሞሌ ጨው ነው እንጂ አዮዲን የተጨመረበት አይደለም። ደጋውንም ዝናብና ጎርፍ አጥቦ አዮዲኑን ከአፈሩ ጋራ ወደ ተከዜ ስለሚያወርደው፣ በዚያ የበቀለው እህል አዮዲን ያንሰዋል።

እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ለኢትዮጵያ የሚበቃው የተቀመመ ጨው አብዛኛው ከኤርትራ ይመጣ ነበር። ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ግን ያልተቀመመው የአፍዴራ ጨው በገበያው ተተካ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን ይጨመርበት ዘንድ ደንብ ቍጥር 204ን አወጣ። ነፍሰ ጡር በቀን የሚያስፈልጋት አዮዲን 250 ማይክሮ ግራም ነው፤ ይኸውም አንዲት የጤፍ ፍሬ ከምትመዝነው እምብዛም የማይበልጥ ነው። ይህችም ታህል ብትሆን ጨው በፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ በምድጃ አጠገብ ክፍት ሆኖ ሲቀመጥ፣ ከወጡም ጋራ ብዙ ሲፈላ ትጠፋለች። ጨውን በተከደነ ዕቃ ማኖር፣ ከወጡም ላይ ሊወርድ ሲል መጨመር ይሻላል።

በጤና ኬላ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ክኒን ደግሞ ብረትና ፎሊክ አሲድ ያለበት ነው። ብረቱ ለእናቲቱም ለፅንሱም ደም መሥሪያ ነው። ፎሊክ አሲዱም ፅንሱን በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ላይ ከሚደርስ ጉድለት ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ያ ክፍል ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ስለሚዘጋ፣ ብዙዋ ሴት ማርገዝዋን ሳታውቅ ጊዜው ያልፍባታል። ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ መጀመር ያለባት ለዚህ ነው። ክኒኑ ከቡና ጋራ አይወሰድም፤ ቡና ብረቱን ከሰውነት እንዳይዋሐድ ያግደዋልና። በጾም ቀን ከራት በኋላ መዋጥ ይቻላል። ዐይነ ምድርን ቢያጠቍርም አያስደነግጥም። ብረትና ፎሊክ አሲድ ብቻ ያለበት ክኒን አዮዲን የለበትምና የጨውን ሥራ አይተካም። ደግሞም ክኒን ልጁን ከጓደኞቹ ይልቅ ብልህ ያደርገዋል የሚል ወሬ አይታመን፤ የሚያደርገው ከተፈጥሮ ዕድሉ እንዳይጎድልበት ማገዝ ነው።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ እንዲጠፋ የገባው ቃል በዚህችው ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሏል። መምህሩም በበኩሉ የሚሠራው አለ። ከጤና ጽሕፈት ቤት የጨው መፈተኛ ጠብታ ይለምን፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ቍንጥር ጨው በወረቀት ጠቅልሎ ያምጣ። ጠብታው ሲነካው ወደ ሰማያዊ የተለወጠው አዮዲን ያለበት ነው። ነጭ ሆኖ የቀረውን ከማን ሱቅ እንደ ተገዛ መዝግቦ ለአገር ሽማግሌዎች ቢያስታውቅ፣ እነርሱ ከነጋዴው ጋራ ይነጋገራሉ።