ያውቁ ኖሯል? ቋንጣና የወለጋ ዝናብ

ጥሬ ቀይ ሥጋ ከአራት እጅ ሦስቱ ገደማ ውኃ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቋንጣ መሥራት ማለት ይህን ውኃ ማስወጣት ነው። ጨው እርጥበቱን ስቦ ያወጣል፣ ነፋስ ይወስደዋል፤ ውኃ ያጣ ባክቴሪያም አይራባም።

የወለጋዋ ነቀምቴና አካባቢዋ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ እንደሚያገኙስ? እንዲህ ባለ አገር ሥጋን በእርጥብ አየር ሰቅሎ መተው ለሻጋታ መስጠት ነው። ስለዚህ ለነቀምቴም ሆነ ለጎረቤቷ ለዲጋ ጓዳ ጥሩው የቋንጣ ወቅት በጋው ነው። በክረምት የግድ ከሆነ ከምድጃ በላይ የተወጠረ ገመድን የሚያህል ቦታ የለም። ሙቀቱ ያደርቃል፣ ጢሱ ዝንብ ያባርራል፣ በጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ተህዋስያንን ያዳክማሉ።

ትልቁ ሙያ ያለው ግን መዘልዘሉ ላይ ነው። ቢላዋው ጫፍ ሊደርስ ሲል ይቆማል፤ ሥጋው ይገለበጥና በሌላው ወገን መቆረጥ ይቀጥላል። በዚህ አኳኋን ጡጫ ከምታህል ሙዳ ክንድ የሚያህል ዝልዝል ይወጣል። ከጣት የወፈረ እንደሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይበላሻል። ጮማው ሁሉ ተለይቶ መውጣት አለበት፤ ጮማ እንደ ቀዩ ሥጋ አይደርቅም፣ ሲቆይም ጣዕሙ ይለወጣል። ከዚያ ጨውና በርበሬ ይታሻል።

ከቅመም ሳንወጣ፣ አብሽ በቡልጋሪያ የደረቀ ሥጋ ቅመም መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ፓስታርማ የሚሉት የበሬ ሥጋቸው አንዳንድ ጊዜ አብሽ ይቀባል። የጎርና ኦርያሆቪትሳ ከተማ ሱጁክ ደግሞ ተፈጭቶ አንጀት ውስጥ የሚሞላ የበሬ ሥጋ ነው፤ እየተጫኑት ይደርቃል። በ2011 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት የስያሜ ጥበቃ አግኝቷል። ቋንጣችንም እንዲህ ያለ እውቅና ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ከቋንጣ ጎን ምን ይቅረብ? ወለጋ ላይ መልሱ ቅርብ ነው፤ አንጮቴ። ተክሉ የዱባና የቅል ዘመድ ሲሆን የሚበላው ግን ሥሩ ነው። ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ተከትክቶ በንጥር ቅቤ ይታሻል። ለመስቀል የማይቀር ምግብ ነው። ጩኮም አለ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ የታሸ፣ ለመንገደኛ ስንቅነት የታወቀ።

የደረቀ ሥጋ የበሰለ ሥጋ አለመሆኑንስ? ማድረቅ ተህዋስያንን ያስቆማል እንጂ ሁሉንም አይገድልም። ለፍርፍርም ሆነ ለወጥ በደንብ መንተክተክ አለበት፤ ሥጋውም መጀመሪያውኑ በቄራ የተመረመረ ይሁን።

መድረሱን ለማወቅ አንዱን ዝልዝል አጠፍ ያድርጉት። ከተሰነጠቀ ደርሷል። እንደ ቆዳ ከታጠፈ ገና ነውና ወደ ገመዱ ይመለስ፤ እርጥበቱን እንደያዘ ፌስታል ውስጥ የታሰረ ቋንጣ ይሻግታል።