አሬይ፦ ከዜሮ የሚነሣው ድርድር

«ሙ»ን ከፊደል ገበታ ላይ አሳየኝ ቢሉት፣ ፊደል የቆጠረ ልጅ ከ«ሀ» ጀምሮ አይለቅምም። ወደ «መ» ረድፍ ወርዶ ካዕቡ ላይ ጣቱን ያሳርፋል። ኮምፒውተርም ከአሬይ ውስጥ መረጃ የሚያወጣው እንዲሁ ነው።

አሬይ ዓይነታቸው አንድ የሆነ መረጃዎች በአንድ ስም እየተጠሩ ሜሞሪ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ድርድር ነው። ለ40 ተማሪዎች ውጤት 40 ስም ማውጣት አያስፈልግም። ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቤል ላብስ በሠራው የሲ ቋንቋ፣ አሬይ ሲታወጅ ዓይነቱ፣ ስሙና ብዛቱ ይነገራል፤ «ኢንት ውጤት[40];»። በዚህች መስመር 40 ሙሉ ቁጥሮች የሚይዝ ቦታ ተያዘ። ዛሬ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች አንድ ኢንት 4 ባይት ስለሚወስድ፣ ቦታው 160 ባይት ነው።

ጀማሪን ግር የሚለው ቀጥሎ ነው። የመጀመሪያው ተማሪ ውጤት[0]፣ የመጨረሻው ውጤት[39] ይባላል። በቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር ተራ ሳይሆን ከመነሻው ያለው ርቀት ነውና። አሬዩ ከአድራሻ 1000 ቢጀምር፣ ውጤት[3] ያለው 1000 + 3×4፣ ማለትም 1012 ላይ ነው። የመጀመሪያው ግን ራሱ መነሻው ላይ ስለሆነ ርቀቱ ዜሮ ነው። አንድ ማባዛትና አንድ መደመር ስለሚበቃ፣ 2ኛውም 40ኛውም እኩል ይቀርባሉ።

የፊደላችን የዩኒኮድ ቁጥርም (ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚለይበት ቁጥር) በዚሁ ስሌት ይገኛል። «ሀ» 4608 ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ 8 ቦታ ይይዛል። «መ» ከ«ሀ» 3 ረድፍ ይርቃል፤ ካዕብ ከግዕዝ 1 ቤት ይርቃል። 4608 + 3×8 + 1 = 4633፤ «ሙ» ወጣ።

ሲ ርቀት ያሰላል እንጂ ድንበር አይጠብቅም። ውጤት[40] ብሎ የሚጽፍ ሰው 41ኛ ቤት ፈልጎ ጎረቤት ያለውን መረጃ ሊያበላሽ ይችላል። የጃቫ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል፤ ሲ ግን ዝም ይላል። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ኢንተርኔትን ያናወጠው፣ ራሱን እያባዛ የሚሰራጨው «የሞሪስ ትል» የተባለ ፕሮግራም ከገባባቸው በሮች አንዱ 512 ባይት የሚይዝ አሬይ ከልኩ በላይ መሞላቱ ነበር። ስለዚህ አሬይን በሉፕ (በድግግሞሽ ትእዛዝ) ስንዞር የመቀጠያው ሁኔታ የቅንፉ ቁጥር «ከ40 ያነሰ» መሆኑ ይሁን፤ «ወይም እኩል» ከተጨመረበት ድንበር ታልፏል።