ስለ ትሕትናና ስለ ዕለታዊ ኑዛዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በወንጌለ ሉቃስ ምዕራፍ 18 ከቍጥር 9 እስከ 14 ስለ ፈሪሳዊውና ስለ ቀራጩ ጸሎት አስተምሮናል። ሁለቱም ሊጸልዩ ወደ ቤተ መቅደስ ወጡ። ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጾም፥ ካገኘውም ሁሉ ዐሥራት የሚያወጣ ሰው ነበረ። ቀራጩ ግን በሩቅ ቆሞ፥ ዓይኑንም ወደ ሰማይ ማንሣት ፈርቶ፥ ደረቱን እየመታ ምሕረትን ለመነ። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰውም ይኸው ቀራጩ ነው።

እንግዲህ የፈሪሳዊው በደል ምንድን ነው? ጾሙ ነው እንዳይባል እኛም በየሳምንቱ ረቡዕንና ዓርብን እንጾማለን፤ ዐሥራቱ ነው እንዳይባል ቤተ ክርስቲያን ዐሥራት አውጡ ብላ ታስተምራለች። በደሉ ሌላ ነው። ልብ ብላችሁ ብትመለከቱ፥ እርሱም በጸሎቱ ኃጢአትን ቈጥሯል፤ ቅሚያን፥ ዐመፅን፥ ዝሙትን አንድ በአንድ ጠርቷል። ነገር ግን የቈጠረው የሌላውን ሰው ኃጢአት ነው። በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ የባልንጀራውን በደል ተናዘዘ፤ የራሱን ግን ሳይናገር ወጣ። ስለዚህ የተሰረየለት ነገር የለም፤ ለባለ መድኃኒት ያልታየ ቍስል እንዴት ይድናል?

ትሕትና አንገትን መድፋት፥ ድምፅን ማለስለስ፥ «እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት ብቻ አይደለም። ይህን ቃል ሁላችን በቀላሉ እንናገረዋለን። ዳሩ ግን ጎረቤታችን መጥቶ «ትናንት በዚህ ነገር በድለኸኛል» ቢለን ወዲያው ፊታችን ይለወጣል፤ ምክንያት እንደረድራለን፤ እርሱ አስቀድሞ ያደረገውንም እናነሣለን። በጅምላ ኃጢአተኛ መባልን የወደደ ሰው፥ አንዲቱ ኃጢአቱ በስሟ ስትጠራ ከተቈጣ፥ ትሕትናው ገና ከከንፈሩ ወደ ልቡ አልወረደም።

ይህን ነገር በሁለቱ ነገሥታት በሳኦልና በዳዊት እናስተውል። ሳኦል የእግዚአብሔርን ትእዛዝ አፍርሶ ከአማሌቅ ምርኮ ያማረውን በግና ከብት ባስቀረ ጊዜ ነቢዩ ሳሙኤል ገሠጸው። እርሱም አስቀድሞ በሕዝቡ አመካኘ፤ ኋላም መበደሉን ቢያምን፥ በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ነቢዩን ለመነ (1ኛ ሳሙ. 15)። ዳዊት ግን በኦርዮና በሚስቱ ስላደረገው ነገር ነቢዩ ናታን በምሳሌ በገሠጸው ጊዜ በማንም አላመካኘም፤ ንጉሥ ነኝ ብሎም አልተቈጣም፤ በደሉን በአንድ ቃል አመነ (2ኛ ሳሙ. 12)። በደሉ ታናሽ አልነበረም፤ የሰው ሚስት መውሰድና ነፍስ ማጥፋት ነው። ቢሆንም ሳኦል ክብሩን ሲጠብቅ መንግሥቱን አጣ፤ ዳዊት ግን ክብሩን ጥሎ፥ ተግሣጹንም ተቀብሎ፥ ምሕረትን አገኘ። ንስሐው የሚነገርበትን 50ኛውን መዝሙር ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በጸሎቷ አልተወችውም።

«ኑዛዜ በየዕለቱ ስለ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ቢኖር ገበሬውን ይጠይቅ። የጤፍ አረም ገና ለጋ ሳለ ቢነቀል በሁለት ጣት ይወጣል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ጤፉን ይዞ ይነቀላል። ኃጢአትም እንዲሁ ነው። ዛሬ ማታ ቢተዉት ቍጣ ብቻ ነው፤ ቢያድር ቂም ይሆናል፤ ቢከርም ወንድምን ከወንድም ይለያል። ስለዚህ ቅዱስ ጳውሎስ በቍጣችን ላይ ፀሓይ እንዳይገባ አዘዘን (ኤፌ. 4፥26)።

ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ የመኝታ ጸሎት ነው። በዚያች ሰዓት ክርስቲያን የውሎውን ሒሳብ ይመርምር። «ዛሬ ማንን አማሁ? የሠራተኛዬን ደመወዝ ያለ አግባብ አቈይቻለሁን? በሚዛን ወይም በመሐላ ማንን አታለልሁ? በቤቴ ውስጥ ማንን አስለቀስሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ያገኘውንም በስሙ ጠርቶ፥ ምክንያት ሳይጨምርበት፥ ለእግዚአብሔር ይናገር። ሲነጋም የበደለውን ሰው ይቅርታ ይለምን፤ የወሰደውንም ይመልስ። ዘኬዎስ ያታለለውን አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ በጌታ ፊት ቃል ገብቷልና (ሉቃ. 19፥8)።

ነገር ግን ማንም «በቤቴ ለእግዚአብሔር ነግሬአለሁና ካህን አያስፈልገኝም» አይበል። ንስሐ ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ነው፤ ጌታ ኃጢአትን ይቅር የማለት ሥልጣንን ለሐዋርያት ሰጥቷልና (ዮሐ. 20፥23)። የማታው ምርመራ የንስሐ አባትን አይተካም፤ ወደ እርሱ ያደርሳል እንጂ። ውሎውን መርምሮ የማያውቅ ሰው በካህኑ ፊት ሲቀርብ የሚናገረውን ያጣል፤ «እንደ ሰው ሁሉ በድያለሁ» ብሎ ይመለሳል። በየዕለቱ የመረመረ ግን ደዌውን ለይቶ ይናገራል፤ ካህኑም ለደዌው የሚስማማውን ቀኖና ይሰጠዋል።

ከመካከላችን የንስሐ አባታቸውን ለጠበልና ለፍትሐት ብቻ የሚጠሩ፥ ንስሐንና ቅዱስ ቍርባንንም ለሽምግልና የሚያቈዩ አሉ። ሞት ግን ሽምግልናን አይጠብቅም፤ ለነገ የተባለ ንስሐም ነገን የሚያገኝ ለመሆኑ ዋስ የለውም። ስለዚህ ምእመናን ሆይ፥ ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት የጎረቤታችንን ኃጢአት ለጎረቤታችን ትተን፥ ከራሳችን በደል አንዲቱን እንኳ በስሟ ጠርተን በአምላካችን ፊት እናቅርብ። የንስሐ አባታችንንም በዚህ ሳምንት እንጐብኝ።

የቀራጩን ጸሎት የሰማ አምላክ የእኛንም ይስማልን፤ ለንስሐ ሞት ያብቃን፤ አሜን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።