ግማሽ ሰከንድ ያጋለጠው ተንኮል

ልጆቻችንን «የማታውቁትን ሰው አትመኑ» እያልን እናሳድጋለን። የማናውቀው ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ አብሮን ቢሠራ፣ ቢያግዘንና በትሕትና ቢያናግረንስ? በኮምፒውተር ባለሙያዎች መንደር የተፈጸመ አንድ ታሪክ ይህንኑ ያስጠይቃል።

«ኦፕን ሶርስ» የሚባሉ ሶፍትዌሮች አሉ። ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያነበዋል፤ ስሕተት ያገኘም እርማት ያቀርባል። መዝገቡን ማንኛውም አባል ገልጦ ሊያይ እንደሚችል እድር ቁጠሩት። በእጃችን ያለው የአንድሮይድ ስልክ ሳይቀር ሊኑክስ በተባለ በዚህ ዓይነት ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹን የሚንከባከቡት ግን ያለ ደመወዝ፣ ከእንጀራ ሥራቸው በተረፈ ሰዓት የሚደክሙ ሰዎች ናቸው።

ፋይሎችን አምቆ የሚያሳንሰው «ኤክስዚ» አንዱ ነው። ለብዙ ዓመታት የያዘው አንድ ፊንላንዳዊ በጎ ፈቃደኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ ሰው መጥቶ ያግዘው ጀመር፤ ሥራውም መልካም ነበር። በ2022 ደግሞ ሌሎች የማይታወቁ ስሞች ብቅ አሉና ሥራው ዘገየ፣ ሌላ ሰው ይረከበው እያሉ ፊንላንዳዊውን ወጥረው ያዙት። እሱም የአእምሮ ጤንነቱ እንደታወከና ሥራው ክፍያ የሌለው መሆኑን በግልጽ ጻፈ። ውትወታው ግን አልበረደም። በመጨረሻ ኃላፊነቱን ለጂያ ታን አካፈለ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት ዕትሞች ውስጥ የጓሮ በር ተሠርቶ ተገኘ። ምስጢራዊው ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር ውስጥ እንዲገባ የሚያስችል ነበር። ተንኮሉ የሙከራ ፋይል መስሎ ተደብቋል፤ እሱን የሚቀሰቅሰው ቁራጭ ደግሞ ሁሉም በሚያየው መዝገብ ላይ አልነበረም፤ ታሽጎ በሚታደለው ጥቅል ውስጥ ብቻ ገብቷል።

ያጋለጠው የማይክሮሶፍት መሐንዲስ አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። በሌላ ሙከራ ላይ ሳለ ወደ ኮምፒውተሩ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ ልብ አለ። ነገሩን ችላ ሳይል ምክንያቱን ቆፍሮ አገኘ፤ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሕዝብ ይፋ አደረገ። የአደጋው መጠን ከ10 ነጥብ 10 ተሰጠው። ደግነቱ ዕትሞቹ በአብዛኛው የገቡት ገና በሙከራ ላይ ባሉ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ጦፈ። አንዳንዶች «ኮዱ ክፍት ባይሆን ኖሮ ፍሮይንድ ሥሩን አያገኘውም ነበር» አሉ። ሌሎች «ክፍት ሆኖ ሳለ ለሳምንታት ማን አየው? ያዳነን ዕድል ነው» ብለው መለሱ። ኮዱ የተቀመጠበት ጊትሀብ ገጹን ለጊዜው ሲዘጋውም፣ ጉዳቱን መመርመር የፈለጉ ባለሙያዎች ማስረጃው ከዓይናችን ተሰወረ ሲሉ ቅር ተሰኙ። በነፃ ሥራ የሚያተርፉ ትልልቅ ኩባንያዎች አንድን የደከመ ሰው ብቻውን መተዋቸውም ብዙ አነጋገረ። ጂያ ታን አንድ ሰው ይሁን ቡድን እስካሁን በይፋ አልታወቀም።

ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚሆን ብዙ ነገር አለ። በኢንተርኔት የተዋወቁት ሰው ለረጅም ጊዜ መልካም መሆኑ ብቻ ማንነቱን እንደማያረጋግጥ ለልጆቻችን እንንገራቸው። የይለፍ ቃል፣ ፎቶ ወይም ገንዘብ በጠየቃቸው ቀን ወዳጅነቱ የቱንም ያህል ቢቆይ መጀመሪያ ለእኛ ይንገሩን። ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ «ቶሎ በል» ሲልም ቆም ማለትን ይልመዱ፤ የሚያጣድፉት ሁሉ የአንድ ሰው የተለያዩ ስሞች ሊሆኑ ይችላሉ። ስልካችን ማሻሻያ ሲመጣለት ሳናዘገይ እንጫንለት፤ የተገኙ ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በዚያ ነውና።

በቤትም ሆነ በእድር ሸክሙን ብቻውን የተሸከመ ሰው «ደከመኝ» ሲል ደግሞ የቅርብ ሰዎቹ ቀድመን እንድረስለት። ፊንላንዳዊው እንደደከመ በግልጽ በተናገረ ጊዜ አጠገቡ የተገኘው ጂያ ታን ነበር።