በጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚሠሩ ሮቦቶች የሚገኙበት ቦታ በድምፅ ይታወቃል

ከሪዮ ዴ ጃኔይሮ ወደ ፓሪስ 228 ሰዎችን አሳፍሮ ሲበር የነበረ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን እ.ኤ.አ ጁን 1 ቀን 2009 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ መከስከሱ ይታወሳል፡፡ የበረራ መረጃ መቅጃዎቹ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ከ3 ሺህ 900 ሜትር ጥልቀት የወጡት በገመድ በሚመራ ሮቦት አማካይነት ነው፡፡

እንዲህ ባለው ጥልቀት ሮቦቱ ምን አየ ከሚለው በፊት የት ቦታ ሆኖ አየ የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት፡፡ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ምልክቶች የጨው ውኃን ዘልቀው አያልፉም፤ የሮቦቱ መብራትም ከጥቂት ሜትሮች ርቀት በላይ አያሳይም፡፡ ድምፅ ግን በባሕር ውስጥ በሴኮንድ 1 ሺህ 500 ሜትር ያህል ይጓዛል፡፡

በመሆኑም ከመርከቧ ሥር የተገጠመው መሣሪያ ድምፅ ይልካል፤ በሮቦቱ ላይ ያለው አነስተኛ መሣሪያም ድምፁን እንደሰማ ምላሽ ይሰጣል፡፡ ርቀቱ የሚሰላው በመካከል ካለፈው ጊዜ ሲሆን፣ በ3 ሺህ 900 ሜትር ጥልቀት አንድ ጥያቄና መልስ ከአምስት ሴኮንድ በላይ ይፈጃል፡፡ አቅጣጫው የሚታወቀው ደግሞ ምላሹ ተቀራርበው ወደተተከሉት በርካታ መቀበያዎች በሚደርስበት እጅግ አነስተኛ የጊዜ ልዩነት ነው፡፡ የመርከቧ የራሷ ቦታ ከሳተላይት ስለሚገኝ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሮቦቱ በካርታ ላይ ይታያል፡፡

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ስሕተት በቀላሉ ይገባበታል፡፡ በዚሁ ጥልቀት የአንድ ዲግሪ ስሕተት ቦታውን በ68 ሜትር ያዛባል፡፡ ስለሆነም የመርከቧ መናወጥ ያለማቋረጥ እየተለካ ይታረማል፡፡ የድምፅ ፍጥነትም እንደ ውኃው ሙቀት፣ ጨዋማነትና ግፊት ስለሚለያይ መለኪያ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፡፡ የበለጠ ትክክለኛነት ሲፈለግ ምላሽ ሰጪ መሣሪያዎች በባሕሩ ወለል ላይ ይተከላሉ፤ ይህ ግን ጊዜና ወጪ ይጠይቃል፡፡

የኤር ፍራንሱ ፍለጋ ይህ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል፡፡ ከመቅጃዎቹ ጋር የተያያዙት ድምፅ ሰጪዎች ለ30 ቀናት እንዲሠሩ የታሰቡ ቢሆኑም በዚያ ጊዜ ውስጥ አልተሰሙም፡፡ ስብርባሪው የተገኘው የባሕሩን ወለል በድምፅ በሚቃኙ፣ ያለ ገመድ በሚጓዙ ሮቦቶች እ.ኤ.አ በኤፕሪል 2011 መጀመሪያ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ለመጨረሻ ጊዜ ከታወቀበት ቦታ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፡፡ አብዛኛው ስብርባሪ ያረፈው 600 በ200 ሜትር በሚሆን ሥፍራ ነው፤ በዚህ ስፋት ውስጥ 68 ሜትር ትንሽ ስሕተት አይደለም፡፡ ሬሞራ 6000 የተባለው ሮቦት ኤፕሪል 27 ቀን ያገኘው የመቅጃውን አካል ብቻ ነበር፡፡ መረጃ የያዘው ክፍል ሜይ 1፣ የድምፅ መቅጃው ደግሞ ሜይ 2 ቀን ተገኙ፡፡ የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎች በበረዶ ቅንጣት ተደፍነው እንደነበርና አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ ከቁጥጥር እንደወጣ እ.ኤ.አ በ2012 በወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ተረጋግጧል፡፡

እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2010 በቤይሩት አቅራቢያ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መቅጃዎች በ45 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ስለነበሩ በጠላቂ ዋናተኞች ሊወጡ ችለዋል፡፡

ከኤር ፍራንሱ አደጋ በኋላ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የድምፅ ሰጪዎቹ የአገልግሎት ጊዜ፣ ቢዘገይ እ.ኤ.አ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ፣ ወደ 90 ቀናት ከፍ እንዲል ደንግጓል፡፡