ትልቅ ፕሮፔለር ጀልባ ያፈጥናል?

ተረት፦ «ፕሮፔለሩ በተለቀ ቁጥር ጀልባው ይፈጥናል።»

እውነታ፦ ጀልባ በዘገየ ቁጥር «ትልቅ ፕሮፔለር ግጠምበት» የሚል መካሪ አይጠፋም። ሞተሩ ሲቃጠል ግን የጥገናውን ሒሳብ የሚከፍለው መካሪው አይደለም።

ነገሩ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ፤ 13 እና 19 እንበል። የመጀመሪያው ዲያሜትሩ ነው፣ በኢንች። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ፕሮፔለሩ ውኃው ሳያዳልጠው አንዴ ቢዞር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። 19 ኢንች 48 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፒቹ ሲጨምር በአንድ ዙር የሚኬደው ርቀትም ይጨምራል። እስከዚህ ድረስ መካሪው ልክ ነው።

የዘነጋው ዙሩን ነው። አንድ ኢንች ፒች በተጨመረ ቁጥር ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ያጣል። እስከ መጨረሻው ነዳጅ ሲሰጠው ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር እንዲደርስ የተሠራ ሞተር 4,300 ላይ ከቀረ፣ ጉልበቱን ማውጣት አልቻለም ማለት ነው። የተጫነ አይሱዙን የዓባይ በረሃን አቀበት በአራተኛ ማርሽ ውጣ እንደ ማለት ነው። ሞተሩ ያቃስታል፣ ይግላል፣ ነዳጅ ይፈጃል፤ ሲቆይ ፒስተኑ ይጎዳል። ጀልባው ደግሞ ጭራሽ ይዘገያል።

ጣና ላይ ይብሳል። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር እዚያ 33 ገደማ ቢሰጥ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ፒቹ አነስ ያለው ነው፤ የምክሩ ተቃራኒ።

ተረት፦ «የሞተሩ ጉልበት እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል።»

እውነታ፦ ውኃ እየሰነጠቀ የሚሄድ ከባድ ጀልባ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ቢያንስ 8 እጥፍ ያህል ጉልበት ይፈልጋል። 9 ሜትር የሚረዝም ጀልባ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ራሱ ባነሣው ማዕበል ይያዛል። ከዚህ የሚያመልጠው አፍንጫውን አንሥቶ በውኃው ላይ የሚንሸራተት ቀላል ጀልባ ነው።

ተረት፦ «ክንፉ የበዛ ይፈጥናል።»

እውነታ፦ አራተኛው ክንፍ ንዝረት ይቀንሳል፤ ለፍጥነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስቱ ይበልጣል።

ፕሮፔለር ከመግዛታችሁ በፊት እምቦጭ ወይም መረብ እንዳልተጠመጠመበት እዩ። ከዚያ ጀልባውን እንደ ወትሮው ጫኑ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስጡና ዙሩን አንብቡ። የሞተሩ መመሪያ ከሚለው ካነሰ ፒቹን ቀንሱ፤ ካለፈ ጨምሩ። ከመካሪ ይልቅ የዙር መቁጠሪያውን እመኑ።