25 ፊልምና አንድ የብዕር ማስቀመጫ

የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በማርች 2009 እ.ኤ.አ. ወደ ዋሽንግተን ሲያቀኑ ዓለም በገንዘብ ቀውስ እየታመሰች ነበር። በወሩ ለንደን ላይ የቡድን 20 ጉባኤን ያስተናግዳሉና የባራክ ኦባማ ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል።

የለንደን ጋዜጦች ግን ዓይናቸውን የጣሉት ስጦታው ላይ ነው። ብራውን ያበረከቱት፣ በቀይ ባሕር የባሪያ ፍንገላን ስትከላከል ከነበረችው ጋኔት የጦር መርከብ እንጨት የተሠራ የብዕር ማስቀመጫ ነበር። በአጸፋው 25 የአሜሪካ ፊልሞች በዲቪዲ ተሰጣቸው።

ከዚያ ወዲያ ጋዜጦቹን ማን ያስቆማቸው! ዲቪዲው በእንግሊዝ ማጫወቻ አይሠራም ተባለ። ሁለቱ መሪዎች ባንዲራ ፊት ጎን ለጎን ቆመው የሚሰጡት የተለመደ መግለጫ መቅረቱ ተቆጠረ። የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የቸርችል ሐውልት ከኦባማ ቢሮ መውጣቱም ተጨመረና ድምሩ “ንቀት” ሆነ። ብራውን በማግስቱ ለሁለቱ የአሜሪካ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ንግግር ማድረጋቸው እንኳ ወሬውን አላበረደውም። የለንደኑ ጉባኤ በኤፕሪል 1.1 ትሪሊዮን ዶላር የሚደርስ ድጋፍ ለመስጠት ተስማምቶ ተበተነ፤ ዛሬም የዚያ ጉብኝት ነገር ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ዲቪዲው ነው።

በጋዜጠኞቹ ብቻ መፍረድ አይገባም። ባላንጣዎች ሲገናኙ ታረቁ ወይስ ተካረሩ የሚለው ራሱ ዜና ነው። የወዳጆች ስብሰባ ግን ወሬ ያስርባል። መግለጫውን ባለሙያዎች አስቀድመው አርቅቀውታል፣ በሩ ዝግ ነው፣ ለፎቶ የሚፈቀደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከመሪው ጋር የተጓዘው ዘጋቢ ደግሞ ለአዘጋጁ የሆነ ነገር መላክ አለበት። እናም የቆይታውን ደቂቃ ይቆጥራል፣ አጨባበጡን ያያል።

እንግሊዞች ላይ ይህ የሚብሰው ቸርችል በ1946 አሜሪካ ውስጥ ፉልተን ላይ ስለ “ልዩ ግንኙነት” ከተናገሩ ወዲህ እያንዳንዱ ጉብኝት ለእነሱ ፈተና ስለሆነ ነው። በ2001 ጆርጅ ቡሽ ከጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ጋር የሚያመሳስላቸውን ሲጠየቁ፣ ሁለታችንም ኮልጌት የጥርስ ሳሙና እንጠቀማለን ብለው ቀለዱ፤ ቀልዱ ከጉዳዩ በላይ ዕድሜ አገኘ። በጃንዋሪ 2017 ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ትራምፕ ኔቶን ሙሉ በሙሉ እንደሚደግፉ እዚያው ፊታቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ለአንድ ጉዞ ቀላል ውጤት አልነበረም። የፎቶው ገበያ ግን የደራው ሁለቱ በዋይት ሐውስ በረንዳ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው በመታየታቸው ነው።

ቤተ መንግሥቶችም ይህን ያውቃሉ፤ ለጋዜጦቹ ፎቶውን መርጠው የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው። በጁን 2018 ካናዳ ውስጥ ሻርልቮ ላይ በተካሄደው የቡድን 7 ጉባኤ የጀርመን መንግሥት ፎቶ አንሺ ያነሣው ምስል አንጌላ ሜርክልን ጠረጴዛ ተደግፈው ቆመው፣ ትራምፕን ክንዳቸውን አጣምረው ተቀምጠው ያሳያል። ፈረንሳዮች የለቀቁት ደግሞ ማክሮንን መሃል ላይ አደረገ። የጀርመኑን ፎቶ ያዩ አንዳንዶች “አፋጠጠቻቸው” ሲሉ፣ የትራምፕ ደጋፊዎች “አልበገር አለ” አሉ። መሪዎቹን ያጣላቸው አሜሪካ ጉባኤው ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት በአውሮፓና በካናዳ ብረት ላይ የጣለችው 25 በመቶ፣ በአሉሚኒየም ላይ የጣለችው 10 በመቶ ቀረጥ ነበር፤ ትራምፕም ካናዳን ለቀው ሲሄዱ ከአውሮፕላን ሆነው በትዊተር ከጋራ መግለጫው ወጡ።